ዶክተር መላኩ በያን፤ ለኢትዮጵያ በሃርለም የቆሙት ሐኪም

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1896 ለጥቁር ሕዝብ ሁለት መልክ የነበረው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ማርች 1 ቀን፣ ማለት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት በዐድዋ ላይ የኢጣልያን ጦር ድል መታ። ይህ ከሆነ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሜይ 18 ቀን፣ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጭና ጥቁር በባቡር ውስጥ ተለያይተው እንዲቀመጡ የሚያዘው የሉዊዚያና ክፍለ ሀገር ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይቃረንም ሲል ፈረደ። በአንዱ አገር ጥቁር ሰው ነጻነቱን በጦር ሜዳ አጸና፤ በሌላው አገር ጥቁር ሰው ከጐረቤቱ ተለይቶ እንዲኖር በፍርድ ቤት መዝገብ ተወሰነበት።

ከዚያ አራት ዓመት ቆይተው የተወለዱ አንድ ኢትዮጵያዊ፣ የዐድዋን ልጆችና የዚያን ፍርድ ልጆች አንድ ወገን ለማድረግ ሲደክሙ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። እኒህ ሰው ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ስማቸው በታሪክ አዋቂዎች ዘንድ የታወቀ ቢሆንም፣ በአምስቱ የመከራ ዓመታት በዱር በገደል የተዋደቁትን አርበኞች ያህል ሕዝብ አያነሣቸውም፤ የእርሳቸው ጦር ሜዳ ሩቅ ነበረና። ሕይወታቸውን ለመረዳት ደግሞ የአሜሪካ ታሪክ መልኩን የለወጠባቸውን ዋና ዋና ጊዜያት ማወቅ ግድ ስለ ሆነ፣ በዛሬው ጽሑፋችን ሁለቱን አያይዘን እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፣ ዘመኖቹ የተቈጠሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልደትና አስተዳደግ

መላኩ በያን ኤፕሪል 27 ቀን 1900 በወሎ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ተወስደው አደጉ፤ ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ መኰንን ግቢ ከሚያድጉት ወጣቶች ጋር ተቈጠሩ። በዚያ ዘመን በታላቅ ሰው ግቢ ማደግ ማለት ሥርዓትንና ጨዋነትን፣ የመንግሥትን ሥራና የሰውን አያያዝ በዓይን እያዩ መማር ማለት ነበር። ራስ ተፈሪ ግን ለአዲሱ ዘመን ይህ ብቻ እንደማይበቃ ስለ ተረዱ፣ ተስፋ የሚጣልባቸውን ልጆች እየመረጡ ወደ ውጭ አገር ይልኩ ነበር።

መላኩም በ1921 ለትምህርት ወደ ሕንድ አገር ተላኩ። በዚያ ግን ብዙ አልቆዩም፤ በ1922 ከሁለት ጓደኞቻቸው፣ ከበሻህውረድ ሀብተ ወልድና ከወርቁ ጎበና ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በዚያን ጊዜ ወደ ውጭ የሚሄደው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያመራው ወደ እስክንድርያ፣ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ፓሪስ ነበር። አሜሪካን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ምንም እንኳ በ1903 የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ቢዋዋል፣ በ1919ም ደጃዝማች ናደውና ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ያሉበት የኢትዮጵያ መልእክተኞች ቡድን ወደ አሜሪካ ሄዶ ቢመለስ፣ ሁለቱ አገሮች ገና የሚተዋወቁት ከሩቅ ነበር። ስለዚህ ሦስቱ ወጣቶች በአሜሪካ ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን መካከል ይቈጠራሉ።

የደረሱበት አገር

ወጣቶቹ የደረሱበት አገር ባለጠጋና ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን ከልደቱ ጀምሮ አብሮት ያደገ ቁስል ነበረበት። እንግሊዞች በ1607 በቨርጂኒያ ጄምስታውን የተባለችውን፣ በአሜሪካ ምድር የጸናችላቸውን የመጀመሪያዋን ሰፈር መሠረቱ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1619፣ አንድ መርከብ ከሃያ የሚበልጡ አፍሪካውያንን ወደዚያው ግዛት አምጥቶ በስንቅ ለወጣቸው። ትምባሆው፣ ኋላም ጥጡ፣ ብዙ ጉልበት የሚፈልግ እርሻ ስለ ሆነ ነጋዴው ሰውን እንደ ዕቃ እየጫነ ማምጣቱን ቀጠለ። ባሪያ የሆነች እናት የወለደችውም ልጅ ባሪያ እንዲሆን በሕግ ተደነገገ።

በ1776 አሥራ ሦስቱ ግዛቶች ከእንግሊዝ ንጉሥ አገዛዝ መውጣታቸውን ሲያውጁ፣ ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ መፈጠሩን በአዋጃቸው ላይ ጻፉ። አዋጁን ያረቀቀው ቶማስ ጄፈርሰን ግን ራሱ የብዙ ባሮች ጌታ ነበር። በ1787 በተረቀቀውም ሕገ መንግሥት፣ የየክፍለ ሀገሩ እንደራሴዎች ብዛት ሲወሰን አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰው እንዲቈጠሩ ተደረገ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያለው የአሜሪካ ታሪክ፣ በአዋጁ ላይ በተጻፈው ቃልና በእርሻው ላይ በሚፈጸመው ሥራ መካከል የተደረገ ክርክር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ክርክሩ በመጨረሻ ጦር አማዘዘ። በ1860 በአገሩ የነበሩት ባሮች አራት ሚሊዮን ያህል ደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት አብርሃም ሊንከን ለፕሬዚዳንትነት ሲመረጥ የደቡብ ክፍለ ሀገሮች ከአንድነቱ መውጣት ጀመሩ፤ በ1861 የተነሣውም የእርስ በርስ ጦርነት አራት ዓመት ፈጅቶ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ሰው በላ። ይህ የሆነው በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ የመሳፍንቱን ዘመን ዘግተው አገሪቱን በአንድ እጅ ለማድረግ በሚደክሙበት ጊዜ ነው። ሊንከን በ1863 መባቻ፣ በዐመፁት ክፍለ ሀገሮች ያሉት ባሮች ነጻ መሆናቸውን ዐወጀ፤ በ1865 መጨረሻም ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከመላው አገር ተሻረ።

ነጻ የወጣው ሕዝብ ለጥቂት ዓመታት ድምፅ ሰጠ፤ እንደራሴዎች መረጠ፤ ትምህርት ቤት ከፈተ። መላኩ በያን ኋላ ሕክምና የተማሩበት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1867 በዋሺንግቶን የተቋቋመው በዚህ የተስፋ ዘመን ነበር። ነገር ግን በ1877 የማዕከላዊው መንግሥት ጦር ከደቡብ ሲነሣ ተስፋው ጠወለገ። ድምፅ የመስጠት መብት በግብርና በፈተና ሰበብ ተነጠቀ፤ ሰውን ያለ ፍርድ በመንጋ ይዞ መስቀል ተለመደ፤ በ1896 ደግሞ ከላይ የጠቀስነው ፍርድ መጣ። መላኩና ጓደኞቻቸው አሜሪካ ሲገቡ የሚሠራው ሕግ ይህ ነበር።

በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ ጥቁሮቹ አሜሪካውያን አንድ ስም አልረሱም። መጽሐፍ ቅዱስን ሲያነቡ የኢትዮጵያን ስም በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ አገኙት። በ1808 በኒውዮርክ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲያቋቁሙ አቢሲኒያን የሚል ስም ሰጡት። ከዐድዋ በኋላ ደግሞ ያ የመጽሐፍ ስም ንጉሥና ሠራዊት ያለው ሕያው አገር ሆነላቸው። ኢትዮጵያ እነርሱን ሳታውቃቸው እነርሱ ኢትዮጵያን ያውቁ ነበር። መላኩ በያን ያስተዋሉት ነገር ይህ ነው።

ከኦሃዮ እስከ ዋሺንግቶን

መላኩ በመጀመሪያ የተማሩት በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኘው በመስኪንገም ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን በዚያን ዘመን በኢትዮጵያም ይሠሩ ነበር። የኮሌጅ ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ ግን ለሕክምና ትምህርት የመረጡት የጥቁሮቹን ዩኒቨርሲቲ፣ ሃዋርድን ነው።

ይህን ምርጫ በቀላሉ ማየት አይገባም። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከሩቅ አገር የመጣ ጥቁር ሰው፣ ይልቁንም የመንግሥት ደብዳቤ የያዘ ከሆነ፣ ለአገሬው ጥቁር የተዘጋው በር አንዳንድ ጊዜ ይከፈትለት ነበር። ባለ ሆቴሉ እንግዳው የንጉሥ ቤት ሰው መሆኑን ሲሰማ ፊቱን ይፈታል፤ በዚያው ሰዓት የአገሩን ጥቁር ከደጅ ይመልሳል። በዚህ በር ገብቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ትምህርቱን ጨርሶ መመለስ ለመላኩ የሚቻል ነበር። ማንም አይወቅሳቸውም። እርሳቸው ግን ወንድሙ ከደጅ የቀረበት ቤት ክብር እንደማይሆን ቈጠሩት።

በሌላው ወገን ደግሞ በጥቁሮቹ አሜሪካውያን ዘንድ፣ ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር ሕዝብ አይቈጥሩም የሚል ወሬ ይነገር ነበር። ወሬው ከነፋስ የመጣ አልነበረም፤ በእኛም አገር በመልኩና በዘሩ የሚታበይ ሰው አልጠፋም። መላኩ ይህን ወሬ በክርክር ብቻ ማጥፋት እንደማይቻል ተረዱ። በኑሮ ማጥፋት ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ በሃዋርድ ሳሉ ከሰውነት ጥናቱ ጋር የሕዝቡን ታሪክም ያጠኑ ጀመር። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊት አፍሪካን ታሪክ ያስተምር የነበረው ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ ወዳጃቸው ሆነ። በ1934 ከእርሱና ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ስለ ጊዜው ሁኔታ እያጠና ለጋዜጦች የሚያስረዳ የጥናት ጉባኤ አቋቋሙ። ይህ ሃንስበሪ በ1964 በአዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት የተሰጠው ሊቅ ነው።

በ1931 ደግሞ መላኩ ዶሮቲ ሃድሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት አገቡ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት፣ በአገር ቤት ከአንድ ታላቅ ባለሥልጣን ቤት ታጭቶላቸው ነበር፤ ያንን እጮኝነት አፍርሰው ነው ይህን ጋብቻ የመረጡት። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ቤትን ከቤት፣ ሥልጣንን ከሥልጣን የሚያያይዝ ነበር። ይህን ክብር ትቶ የባሪያ ልጅ ልጆች ከሚባሉት ወገን ማግባት ምን ያህል ሐሜት ሊያስከትል እንደሚችል አንባቢ ይገምተዋል። የመላኩን ልብ ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

የጦርነቱ ዋዜማ

በዲሴምበር 1934 የወልወል ግጭት ከደረሰ በኋላ፣ ሙሶሊኒ የዐድዋን ቂም ለመወጣት ጦር እያደራጀ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። መላኩ በዚያን ጊዜ ለአገራቸው ባለ ሙያ ይፈልጉ ነበር። የጥቁሮቹን የዜና ድርጅት ይመራ የነበረው ክሎድ ባርኔት ጆን ሮቢንሰን የተባለ የቺካጎ አውሮፕላን ነጂ መኖሩን ነገራቸው። ሮቢንሰን በቀለሙ ምክንያት የበረራ ትምህርት ቤት በሩን ቢዘጋበት በዚያው ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ገብቶ ሙያውን የተማረ ብርቱ ሰው ነበር። በመላኩ አስታራቂነት በ1935 አዲስ አበባ ገባ፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥም ሆነ። በእጁ የነበሩት አውሮፕላኖች ጥቂትና ያረጁ፣ መሣሪያም የሌላቸው ነበሩ፤ ቢሆንም በጠላት አውሮፕላኖች መካከል እየሾለከ መልእክትና መድኃኒት ሲያደርስ ቆየ።

በአሜሪካም ሕዝቡ ተነሣ። ኦገስት 3 ቀን 1935 በሃርለም ጐዳናዎች ላይ ከሃያ ሺህ የማያንስ ሰው ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጣ። ለመዝመት ስማቸውን ያስመዘገቡ ብዙዎች ነበሩ። የአሜሪካ መንግሥት ግን ዜጋው በባዕድ ጦር ውስጥ እንዳይመዘገብ የሚከለክለውን የቆየ ሕግ ጠቀሰ፤ በዚያው ወር መጨረሻም የገለልተኝነት ሕግ አውጥቶ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ አገደ። ሕጉ ሁለቱን እኩል የሚመለከት ይመስላል፤ ዳሩ ግን መሣሪያ የሚሠራ ፋብሪካ የነበራት ኢጣልያ ብቻ ነበረች። በዚህ የተጐዳችው ኢትዮጵያ መሆኗን ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

ዶክተር መላኩ በዚሁ በ1935 ትምህርታቸውን ፈጽመው ከሚስታቸውና ከሕፃን ልጃቸው ጋር ወደ አገራቸው ተመለሱ። በውጭ አገር የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በጣት በሚቈጠርበት በዚያ ጊዜ የእርሳቸው መምጣት ታላቅ ነገር ነበር። በአዲስ አበባ በአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሠሩ፤ ጦርነቱ በኦክቶበር 3 ቀን ከተከፈተም በኋላ በኦጋዴን ግንባር ቁስለኞችን ለመርዳት ተሰለፉ።

የኦጋዴን ግንባር የመላ ኢትዮጵያ ሰው የተገናኘበት ነበር። የጋሞ ጎፋው ገዥ ደጃዝማች አበበ ዳምጠውም ጦራቸውን ይዘው ወደዚያ ዘምተው ነበር። የዛሬዎቹ ሲቀላና ሴቻ ገና ከተማ ሳይሆኑ፣ አርባ ምንጭም ስሟ የምንጮቿ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ የጋሞ ጎፋ ሰው ከደጋው ወርዶ በዚያ በረሃ ከጠላት አውሮፕላንና ታንክ ጋር ተፋጠጠ። አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ሆክማን በደገሃቡር ያልፈነዳ ቦምብ ሊያከሽፍ ሲል በዲሴምበር 1935 የሞተውም በዚሁ ግንባር ነው። የጋሞው ገበሬ፣ የወሎው ተወላጅ ሐኪምና ከአሜሪካ የመጣው ሚሲዮናዊ ለአንድ ዓላማ የተሰለፉበት ቦታ እንዲህ ያለ ነበር።

ነገር ግን የመርዝ ጋዝ፣ የአውሮፕላንና የመድፍ ብዛት ከጀግንነት በለጠ። ሜይ 5 ቀን 1936፣ ማለት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱም ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ።

የሃርለም መልእክተኞች

በ1936 በጋ ሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ከሃርለም ተነሥተው፣ ውቅያኖስ ተሻግረው ለንደን ገቡ። አንደኛው ቄስ ዊልያም ሎይድ አይምስ ነበሩ። ጉዳያቸውም ለኢትዮጵያ የሚዋጣው ገንዘብ በታመነ እጅ እንዲገባና ሕዝቡም የሚተባበርበት እንዲያገኝ ንጉሠ ነገሥቱ አንድ ኢትዮጵያዊ ወኪል እንዲልኩላቸው ለመለመን ነበር። ይህን ልመና ስናስብ መገረም አይቀርም። ከአያቶቻቸው ላይ የባርነት ሰንሰለት ከወለቀ ሰባ ዓመት ያህል ብቻ የሆነው፣ በገዛ አገሩ በባቡር ተለይቶ የሚቀመጥ ሕዝብ፣ ነጻነቱን ለተነጠቀ ሌላ ሕዝብ ለመርዳት በፈቃዱ ይለምናል።

ለዚህ ሥራ ከዶክተር መላኩ የተሻለ ሰው አልነበረም። በ1936 መከር ከቤተሰባቸው ጋር ኒውዮርክ ደረሱ፤ በሃርለምም አዳራሽ የተሰበሰበው ሕዝብ በታላቅ ደስታ ተቀበላቸው። መኖሪያቸውንና ሥራቸውን በዚያው በሕዝቡ መካከል አደረጉ። ሐኪም ሆነው ሳለ የሕክምና ሥራቸውን ወደ ጐን ትተው ከከተማ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እየዞሩ ያስተምሩ ጀመር። የኢትዮጵያ ድምፅ የተባለ ጋዜጣም በእንግሊዝኛ ማሳተም ጀመሩ።

መንገዱ ግን እሾህ አልጠፋበትም። ቀድሞ የነበረው የእርዳታ ማኅበር በፖለቲካ ወገንተኝነትና በገንዘብ ጥርጣሬ ተከፋፈለ። ዶክተር መላኩ ያንን ትተው ኦገስት 25 ቀን 1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን አዲስ ማኅበር በኒውዮርክ አቋቋሙ። ማኅበሩ በብዙ የአሜሪካ ከተሞችና በጃማይካ ጭምር ቅርንጫፍ አበቀለ። አባላቱ ባለጠጎች አልነበሩም። በ1929 የተነሣው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ገና አልለቀቀም ነበር፤ በ1933 በአሜሪካ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ አጥ ነበር፤ ጥቁሩማ ከሁሉ አስቀድሞ የሚባረር፣ ከሁሉ በኋላ የሚቀጠር ነበር። እንግዲህ ለኢትዮጵያ ስደተኞች የተዋጣው ሳንቲም ከልብስ አጣቢዋ፣ ከበረኛውና ከገረዷ ጓዳ የወጣ ነው። ስለዚህ ክብደቱ በዶላር አይመዘንም።

በዚያው በ1937 ከአዲስ አበባ የሚመጣው ወሬ የከፋ ነበር። ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ ፋሺስቶች የተማሩትን ወጣቶች እያደኑ ሲገድሉ፣ ከመላኩ ጋር ወደ አሜሪካ የተሻገረው በሻህውረድ ሀብተ ወልድ ከሟቾቹ አንዱ ሆነ። መላኩ በሕይወት የተረፉት ሩቅ ስለ ነበሩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ፋታ የለሽ ድካማቸውን የሚያይ ሰው፣ ያንን መትረፍ እንደ ዕዳ ሳይቈጥሩት እንዳልቀሩ ያስባል።

አንድ ከባድ ጥያቄም ነበር። ኢጣልያ ኢትዮጵያን በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት የከሰሰችው ባርነት አለባት ብላ ነው። ከሳሿ ዓይን ያወጣች አስመሳይ ብትሆንም፣ ክሱ ግን ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ ማኅበሩ ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ፣ በ1924ና በ1931 ሕግ አውጥታ ነበር፤ ሕጉ ግን በሥራ ላይ የዋለው በዝግታ ነበር። ከጋሞ፣ ከወላይታና ከካፋ ምድር ብዙ ሰው ከቤቱ እየተነጠቀ ተሽጧል፤ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ስለዚህ የባሪያ ልጅ ልጆች ለኢትዮጵያ ሲያዋጡ ነውር የሌለበትን አገር አልረዱም። የረዱት የራሱን ነውር በራሱ እጅ ለማረም ነጻነቱ የሚያስፈልገውን አገር ነበር። የዶክተር መላኩም ሥራ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ያለውን የመናቅና የመጠራጠር ልማድ ለማስወገድ ቆመው ነበርና።

በ1939 ስለ ጥቁር ሕዝብ ጕዞና ስለ ኢትዮጵያ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚህም ጊዜ ጤናቸው እየደከመ ሄደ። የሌላውን ሳንባ የሚያዳምጡት ሐኪም የራሳቸውን ለማዳመጥ ጊዜ አላገኙም። ሜይ 4 ቀን 1940፣ ማለት ሚያዝያ 26 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ በኒውዮርክ በሳንባ ምች ዐረፉ። ዕድሜያቸው አርባ ዓመት ከአንድ ሳምንት ነበር።

ከሞታቸው በኋላ

ከሞቱ አምስት ሳምንት በኋላ ኢጣልያ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ዐወጀች፤ ለኢትዮጵያም የተዘጋው መንገድ ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ዶክተር መላኩ ከሞቱ ገና አንድ ዓመት ከአንድ ቀን መሆኑ ነበር። የአሜሪካ መንግሥትም የኢጣልያን ወረራ እንደ ሕጋዊ ግዛት ሳያውቅ እስከ ነጻነቱ ቀን ደርሷል፤ ከታላላቆቹ መንግሥታት ይህን ያደረጉት ጥቂቶች ነበሩ።

የዘሩት ዘር ግን በቀለ። ጆን ሮቢንሰን በ1944 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ወጣቶችን በረራ ሲያስተምር ኖረ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ፤ በዚያው ተቀበረ። ንጉሠ ነገሥቱም ለረዱዋቸው ጥቁሮች፣ በፌዴሬሽኑ በኩል፣ በሻሸመኔ አምስት ጋሻ ወይም ሁለት መቶ ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። ከሲቀላ ተነሥቶ በሶዶ በኩል ሻሸመኔ የሚገባ መንገደኛ ጃማይካ ሰፈር የሚባለውን ሲያይ፣ እነዚህ ሰዎች ከባሕር ማዶ ምን አመጣቸው ብሎ ቢጠይቅ፣ ከመልሱ አንዱ ክፍል በ1937 በኒውዮርክ የተቋቋመው ያ ማኅበር ነው።

በአሜሪካም የ1896ቱ ፍርድ ዕድሜው አላለቀም ነበር። ሜይ 17 ቀን 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት ነጭና ጥቁርን መለየት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ፈረደ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት አሜሪካ የገቡት በዚያው ወር ነው፤ በሃርለምም ወደ አቢሲኒያን ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሕዝቡን ተገናኙ። በ1964 የሲቪል መብት ሕግ፣ በ1965 የድምፅ መስጠት መብት ሕግ ወጡ። ከ1619 እስከዚያ ድረስ ሦስት መቶ አርባ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው። ዶክተር መላኩ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላዩም።

ከዚህ ሰው ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዛሬም ከጋሞ ደጋም ሆነ ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ብዙ ወጣት ለትምህርት ወይም ለእንጀራ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሰው በሄደበት አገር የሚማረው ሙያ ተቈጥሮ በወረቀት ይሰጠዋል፤ የሚኖርበትን ሕዝብ ታሪክና መከራ ማወቅ ግን ማንም የማያዝዘው፣ በራስ ፈቃድ የሚማሩት ትምህርት ነው። ዶክተር መላኩ ሁለቱንም ተምረዋል። በሙያቸው ያከሙት ሰው በቁጥር ሊወሰን ይችላል፤ በሁለተኛው ትምህርታቸው ግን አገራቸው በጨነቃት ጊዜ፣ መንግሥታት ፊታቸውን ባዞሩባት ቀን፣ በባሕር ማዶ ወገን የሚላትን ሕዝብ አገኙላት።